ኃይለኛ የእጅ ባትሪዎች፦ ከሉመኑ በስተጀርባ ያለው ፊዚክስ

ማታ የኤሌክትሪክ መብራት በድንገት ሲጠፋ በየቤቱ አስቀድሞ የሚፈለገው ዕቃ የእጅ ባትሪ ነው። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ወዲያው ተረስቶ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይሁንና ይህንኑ ተራ የሚመስል ዕቃ እንደ ጥሩ ሰዓት ወይም እንደ ፎቶግራፍ ካሜራ በፍቅር የሚሰበስቡ፣ የሚፈታቱ፣ የሚለኩና የሚያወዳድሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። እኛም ከእነርሱ ወገን ነን። ፍቅሩ ያደረብን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመዳፍ በማትበልጥ አንዲት ቱቦ ውስጥ የብርሃን ሳይንስ፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ የሴሚኮንዳክተር ፊዚክስ፣ የሙቀት ፍሰትና የዓይን ተፈጥሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስላገኘናቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ አዲስ ገቢዎችን ወደዚህ ዓለም እንጋብዛለን።

ከሁሉ በፊት አንድ የቃል ችግር እንፍታ። በቋንቋችን ብርሃን የሚሰጠውም መሣሪያ «ባትሪ»፣ ውስጡ የሚገባው የኃይል ማከማቻም «ባትሪ» ነው። እንዳንደናገር መሣሪያውን «የእጅ ባትሪ»፣ ማከማቻውን ደግሞ ባለሱቆቻችን እንደሚሉት «ድንጋይ» እንለዋለን።

ከወረቀት ቱቦ እስከ ሰማያዊው ብርሃን

ዴቪድ ሚሰል የተባለው ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት የእጅ ባትሪ በወረቀት ቱቦ ውስጥ የተደረደሩ ደረቅ ድንጋዮች፣ አንድ ትንሽ አምፖልና ከነሐስ የተሠራ ሻካራ አንጸባራቂ የያዘ ነበር። የዚያን ጊዜው የካርቦን ክር አምፖል ኃይል አባካኝ፣ ድንጋዩም ቶሎ የሚደክም ስለነበር ሰዎች ለጥቂት ሴኮንድ እያበሩ ወዲያው ያጠፉት ነበር። በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ብልጭታ» የሚለው ቃል የገባውም በዚሁ የተነሣ ነው። በኋላ የተንግስተን ክር መጥቶ ነገሩን ቢያሻሽለውም፣ ክር ያለው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ በመሆኑ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርሰው የአያቶቻችን ባትሪ ከሃያ ሉመን ገደማ እምብዛም አያልፍም ነበር።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከኤል.ኢ.ዲ. ነው። ኒክ ሆሎንያክ ለዓይን የሚታይ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1962 ቢሆንም ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው የግድ ያስፈልግ ነበር፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ሦስት አሥርት ዓመታት ፈጀ። ይህን ያሳኩት ጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ነጩ ኤል.ኢ.ዲ. በእርግጥ ነጭ አይደለም። ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጥ ቅንጣት በቢጫ ፎስፈር ትሸፈናለች፤ ፎስፈሩ ከሰማያዊው ከፊሉን ወስዶ ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ ይላቸዋል። የእጅ ባትሪያችሁን አጥፍታችሁ አፉን በቅርበት ብትመለከቱ ያንን ቢጫ ነጥብ ታገኙታላችሁ።

ሉመን ምን ይነግረናል? ምንስ ይደብቀናል?

አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሉመን ነው?» ብሎ ነው። ሉመን ከአንድ ምንጭ በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው የሚታይ ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል ወደ 700 ሉመን ይሰጣል፤ ክፍሉን በሙሉ ያበራል። ያንኑ አምፖል ሜዳ ላይ ሰቅለን 200 ሜትር ርቆ የቆመውን ዋርካ እንይ ብንል ግን አይሆንልንም። 500 ሉመን ብቻ ያላት የእጅ ባትሪ ግን ዋርካውን ልታሳየን ትችላለች። ልዩነቱ ብርሃኑ ምን ያህል በጠባብ አቅጣጫ ተሰብስቧል የሚለው ነው፤ ይህንን የሚለካው ካንዴላ ይባላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ እኛን ዘወትር የሚያስደስተን ነው። በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ሉክሱም ካንዴላው በሜትር ለተለካው ርቀት ካሬ ሲካፈል ይገኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የእጅ ባትሪዎች መለኪያ ደንብ «የብርሃን ርቀት» የሚለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበትን ቦታ ነው፤ ይህም ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠን ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ርቀቱ የካንዴላው ስኩዌር ሩት ሁለት እጥፍ ይሆናል። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር፣ 40,000 ካንዴላ 400 ሜትር፣ 160,000 ካንዴላ 800 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ ካንዴላው አራት እጥፍ ማደግ አለበት። በእኛ አስተያየት ግን በጨረቃ ብርሃን ልክ የሚታይ ነገር «አንድ ነገር አለ» ያሰኛል እንጂ በግ ይሁን ውሻ አያስለይም። ስለሆነም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ርቀት በግማሽ ቀንሶ ማሰብ ይበጃል፤ በግማሹ ርቀት ላይ የሚያርፈው ብርሃን አንድ ሉክስ ይሆናልና።

ካንዴላን የሚወስነው ምንድን ነው? ሁለት ነገሮች፦ የምንጩ ገጽ ድምቀትና የአንጸባራቂው ስፋት። በፓራቦላ ቅርጽ የተሠራ አንጸባራቂ ከትኩረት ነጥቡ የሚነሣውን ጨረር ሁሉ ትይዩ አድርጎ ያወጣል። ነገር ግን ኤል.ኢ.ዲ. ነጥብ አይደለም፤ ስፋት አለው፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበተናል። አንጸባራቂውን ግን ብናሰፋው፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የአንጸባራቂው ገጽ በሙሉ በኤል.ኢ.ዲ.ው ድምቀት የሚያበራ ይመስላል። የአንጸባራቂው ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ካንዴላውም እንዲሁ። ኢማለንት ኤም.ኤስ.18 የተባለው የእጅ ባትሪ በ18 ኤል.ኢ.ዲ. 100,000 ሉመን እንደሚሰጥ አምራቹ ይገልጻል፤ ሜዳውን ሁሉ ቀን ያስመስላል። ሆኖም ፎስፈርን በሌዘር የሚያበሩ አዳዲስ የእጅ ባትሪዎች በጥቂት መቶ ሉመን ብቻ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውራሉ። የትኛው «ኃይለኛ» ነው? መልሱ በሚሠራው ሥራ ይወሰናል፤ እኛ ለቅርብ መንገድ ሰፊውን፣ ለሸለቆ ማዶ ጠባቡን እንመርጣለን።

ሙቀትና ዓይን

በእጅ ባትሪ ውስጥ ያለ ኤል.ኢ.ዲ. ለአንድ ዋት መቶ ሉመን ገደማ ይሰጣል ብንል 1,000 ሉመን አሥር ዋት ይፈልጋል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጠው በሙቀት መልክ በዚያች ትንሽ የአሉሚኒየም አካል ውስጥ ይቀራል። ኤል.ኢ.ዲ. ደግሞ ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በመሆኑም ብዙዎቹ የእጅ ባትሪዎች በከፍተኛው ደረጃ የሚቆዩት ለአንድ ወይም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ከዚያ ራሳቸውን ይቀንሳሉ። ገዢው «ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ነገሩ ግን መከላከያ ነው። በጣም ኃይለኛ የሆኑትን አፋቸውን በጥቁር ጨርቅ ላይ ደፍቶ መተው ጨርቁን ሊያቃጥል ይችላል።

ሌላው ዳኛ ዓይናችን ነው። ዓይን ብርሃንን እንደ ሚዛን ቀጥ አድርጎ አይመዝንም፤ አንድ ነገር እጥፍ ደማቅ መስሎ እንዲታየን ብርሃኑ ከአራት እስከ ስምንት እጥፍ ያህል መጨመር ይኖርበታል። ስለዚህ በ1,000 እና በ1,300 ሉመን መካከል ላለው ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ለካርቶኑ ነው። በአንጻሩ ጨለማን የለመደ ዓይን በጣም ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል፤ ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። አንድ ጊዜ በኃይለኛ ጨረር ከተመታ ደግሞ እንደገና መጀመር አለበት። ልምድ ያላቸው ወዳጆቻችን አንድ ወይም ሁለት ሉመን የሚሰጥ ዝቅተኛ ደረጃ የሌለውን የእጅ ባትሪ የማይገዙት ለዚህ ነው። ጨረሩን ወደ ሰው ዓይን፣ ወደ አሽከርካሪና ወደ አውሮፕላን ማነጣጠር ቀልድ አለመሆኑን መናገር አስፈላጊ አይመስለንም ነበር፤ ሲደረግ ስለምናይ ግን እንናገራለን።

በሌሊት የጅብ ዓይን የሚያበራውም በዚሁ ርዕስ ሥር ይገባል። ከጅብ ሬቲና በስተጀርባ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን አለ፤ ሬቲናው ያመለጠውን ብርሃን በሁለተኛ ዕድል እንዲይዝ ይረዳዋል። የቀረው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ስለሆነም ብርሃኑን የሚያየው የእጅ ባትሪውን ከዓይኑ አጠገብ የያዘ ሰው ነው። ወገቡ ላይ የያዘው ሰው ይቀርበታል።

ዋሾ ድንጋዮች

የዛሬዎቹ የእጅ ባትሪዎች ጉልበት የሊቲየም አዮን ድንጋይ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ይህ ቴክኖሎጂ ለጆን ጉድኢናፍ፣ ለስታንሊ ዊቲንግሃምና ለአኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. የ2019ን የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቷል። በብዛት የምናገኘው 18650 የሚባለው ሲሆን ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ 18 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት።

በገበያ ላይ «9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት 18650 ይሸጣል። ውሸት መሆኑን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ምርጦቹ እንኳ ከ4,000 እምብዛም አያልፉም። አንድ ደህና ድንጋይ 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.6 ቮልት፣ ማለትም 12.6 ዋት ሰዓት ይይዛል። እስቲ ከዚሁ ጋር «100,000 ሉመን» የሚል የኪስ ባትሪ አስቡ። ይህን ያህል ብርሃን አንድ ሺህ ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ድንጋዩ በ45 ሴኮንድ ባዶ ይሆን ነበር፤ ከ270 አምፒር በላይም ማፍሰስ ይጠበቅበት ነበር። የማይቻል ነው። ሌላው ፈተና ሚዛን ነው፤ እውነተኛው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ሲመዝን አስመሳዮቹ ብዙ ጊዜ ጉልህ በሆነ መጠን ይቀልላሉ።

ነገሩ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል። የሊቲየም አዮን ድንጋይ ሁለት ጫፎቹ በኪስ ውስጥ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ቢገናኙ፣ ሽፋኑ ተልጦ ቢሠራበት ወይም ከ4.2 ቮልት በላይ ቢሞላ ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ ሊፈነዳና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩን በሳጥኑ እንያዝ፤ አዲስና አሮጌ አንቀላቅል፤ ሲሞላ ትተነው አንተኛ፤ ያበጠውንም ሆነ የተጨረመተውን ዳግመኛ አንጠቀምበት።

በስልክ መለካት

በመጨረሻ አንድ ሙከራ። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች የብርሃን መለኪያ ስላላቸው ሉክስ የሚያሳይ ፕሮግራም ሊጫንባቸው ይችላል። በጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስልኩን በአንድ ጫፍ አቁሙ፣ የእጅ ባትሪውን በአምስት ሜትር ርቀት ላይ አድርጋችሁ የጨረሩን መካከል በስልኩ መለኪያ ላይ አሳርፉ። የተነበበውን ሉክስ በ25 ስታባዙ ካንዴላውን ታገኛላችሁ፤ 400 ሉክስ ከሆነ 10,000 ካንዴላ፣ ማለትም 200 ሜትር። ርቀቱን አንድ ሜትር ማድረግ አይበጅም፤ በቅርብ ርቀት ጨረሩ ገና ስላልተስተካከለ የካሬ ርቀት ሕግን አይከተልም። የስልክ መለኪያ ፍጹም ትክክለኛ ስላልሆነ ሁለት የእጅ ባትሪዎችን የምታወዳድሩት በአንድ ስልክ ይሁን። ንባቡን እንደበራ፣ በሁለተኛው ደቂቃና በአሥረኛው ደቂቃ መዝግባችሁ በግራፍ ብታስቀምጡት ካርቶኑ ያልጻፈውን የሙቀት ታሪክ ታነባላችሁ።