በአንድ የኮንፌዴሬት ሬጅመንት የዘመቱ ወንድማማቾችን ከመዛግብት መፈለግ

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በአንድ የኮንፌዴሬት እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ አብረው የዘመቱ ወንድማማቾችን ማንነት ማጣራት የትውልድ ሐረግ ጥናት አንዱ ዘርፍ ነው። ኮንፌዴሬሽን የሚባለው የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ለማስጠበቅ ከአሜሪካ ተገንጥለው የመሠረቱት መንግሥት ነበር። የወታደሮቹ የአገልግሎት ፋይል ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ አብዛኛው በኢንተርኔትም ይታያል። ነገር ግን ፋይሉ ወታደሩ የማን ወንድም እንደሆነ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ዝምድናው የሚረጋገጠው በአብዛኛው ከጦሩ ወረቀት ውጪ ባሉ ሰነዶች ነው። እዚህ ዋና ምሳሌ ሆኖ የቀረበው 26ኛው የሰሜን ካሮላይና እግረኛ ሬጅመንት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወንድማማቾች በአንድ ሻምበል የተገኙበት ምክንያት

አንድ እግረኛ ሬጅመንት በደንቡ አሥር ሻምበሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ሻምበል ሲሞላ ወደ 100 ሰው ይይዝ ነበር። ሻምበሎቹ የተመሠረቱት በየአካባቢው ነው። አንድ የታወቀ ሰው በካውንቲው (በአውራጃው) ዋና ከተማ ወዶ ዘማቾችን ይሰበስባል፣ የአንድ ሸለቆ ወጣቶችም በአንድ ቀን ይመዘገባሉ። በ1861 የተቋቋመው 26ኛው ሰሜን ካሮላይና ሻምበል «ኤ»ን ከአሽ፣ ሻምበል «ኤፍ»ን እና «አይ»ን ከካልድዌል፣ ሻምበል «ኬ»ን ከአንሰን ካውንቲ አግኝቷል። በዚህ አሠራር ወንድማማቾች፣ የአጎት ልጆችና አማቾች በአንድ ድንኳን ስር ቢገኙ አያስገርምም።

ኤፕሪል 1862 የወጣው የግዳጅ ውትድርና ሕግ ሁኔታውን አጠናከረው። ሕጉ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ነጭ ወንዶች ለአገልግሎት አስገደደ፤ በዚያው ዓመት ጣሪያው ወደ 45 ከፍ አለ፤ በ1864 ደግሞ ዕድሜው ከ17 እስከ 50 ሆነ። ሕጉ ሳይደርስባቸው ራሳቸው ለተመዘገቡ ሻምበሉን የመምረጥ ዕድል ስለነበራቸው ታናሽ ወንድም ታላቁ ወዳለበት ሻምበል ሄዶ መመዝገቡ የተለመደ ነበር። በመሆኑም የታላቁ የምዝገባ ቀን 1861፣ የታናሹ 1862 ወይም 1863 ሆኖ ይገኛል። ኦክቶበር 1862 የወጣ ሌላ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ባሪያዎች ባሉበት እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከውትድርና ነፃ እንዲሆን ፈቀደ። ከባለጸጋ ቤት አንዱ ወንድም ቤት ቀርቶ ቢገኝ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ድሃው ገበሬ በዚህ ሕግ ክፉኛ ተቆጥቷል።

የአገልግሎት ፋይሉ

የኮንፌዴሬት መንግሥት ሪችመንድን ለቆ ሲወጣ፣ ኤፕሪል 1865 ላይ፣ ከከተማው ጋር ብዙ ወረቀት ተቃጠለ። የጦሩ ዋና መዝገብ ያዥ ጄኔራል ሳሙኤል ኩፐር ግን የተረፈውን ይዞ እስከ ሻርሎት ከተማ ሄደና ለሰሜኑ ጦር አስረከበ። ዛሬ የአንድ ተራ ወታደር ስም የሚታወቀው በከፊል በዚህ ውሳኔ ነው። ሰነዶቹ ዋሽንግተን ደረሱ፤ ከ1903 ጀምሮም በጄኔራል ፍሬድ አይንስወርዝ የሚመራው መሥሪያ ቤት ከየግዛቱ ተጨማሪ መዛግብት በውሰት እያሰባሰበ የእያንዳንዱን ወታደር መረጃ በካርድ አስገለበጠ። ሥራው በ1927 ተጠናቀቀ።

ስለዚህ ፋይሉ የመጀመሪያው ወረቀት ሳይሆን ግልባጭ ነው። በአንድ ፖስታ ውስጥ ያሉት ካርዶች በየሁለት ወሩ ከተዘጋጀው የስም ጥሪ መዝገብ፣ ከሆስፒታል መዝገብ፣ ከምርኮኞች ዝርዝርና ከደመወዝ ደረሰኝ የተቀዱ ናቸው። የተመዘገበበት ቀንና ቦታ፣ የመዘገበው መኮንን፣ «ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» የሚል ምልክት ይኖራል። ዕድሜና የትውልድ ቦታ አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛል። ፖስታዎቹ በየሬጅመንቱ በቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በስም ብቻ የሚመሳሰሉትም እንደዚሁ።

የአሜሪካ የስም አጠራር እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪውን ሊያሳስት ይችላል። በኢትዮጵያ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስለሆነ የአባትም የአያትም ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ወንድማማቾች ሳይሆኑ አይቀሩም። በአሜሪካ ግን የቤተሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወረሳል። ኮፊ የሚባሉ ብዙ ሰዎች ከካልድዌል ካውንቲ በአንድ ሻምበል ቢገኙ ግማሾቹ የአጎት ልጆች፣ ሌሎቹም በሦስት ትውልድ የራቁ ዘመዶች ሊሆኑ ይችላሉ። አባትየውን ለማወቅ ሌላ ሰነድ መክፈት ግድ ነው።

የሕዝብ ቆጠራው ምን ይላል፣ ምንስ አይልም

የመጀመሪያው አማራጭ የ1860 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከ1850 ጀምሮ ቆጠራው ነፃ የሆነውን ሰው ሁሉ በስም ይመዘግባል። ሆኖም ከቤቱ አባወራ ጋር ያለው ዝምድና የተጠየቀው ገና በ1880 ነው። በ1860 በአንድ ቤት የተጻፉ የ22፣ የ19 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ወንድማማቾች ይመስላሉ እንጂ ገጹ አይናገርም፤ ከመካከላቸው አንዱ ወላጅ አልባ የወንድም ልጅ ወይም የእንጀራ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የ1850ው እና የ1860ው ገጽ ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ በሁለቱም ቆጠራ በአንድ ቤት የተገኙ ልጆች የተሻለ ማስረጃ ናቸው። የአባት ኑዛዜ ከተገኘ ደግሞ ወራሾቹን በስም ስለሚጠራ ከቆጠራው ይበልጣል።

በዚያው ዓመት የተዘጋጀ ሌላ ዝርዝርም አለ። በ1860 በባርነት የተያዙ ሰዎች በባለቤታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቀለም ብቻ ተቆጥረዋል፤ ስማቸው አልተጻፈም። ከዚያው ካውንቲ የመጡ ጥቁር ቤተሰቦች ወንድማማቾቻቸውን ለማግኘት ሲሞክሩ አብዛኞቹ በስም የሚገኙት ከ1870 ቆጠራ ጀምሮ ነው። ከጦርነቱ በኋላም ነፃ የወጡ ሰዎች የተሸጡባቸውን እኅትና ወንድም ለማግኘት በጋዜጦች ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። የአንድ ነጭ ወታደር ወንድም በሁለት ሰነድ ሲገኝ፣ እዚያው እርሻ ላይ ይሠራ የነበረው ሰው ወንድም ግን በአንዱም አለመገኘቱ የመዛግብቱ አዘጋጆች ማንን እንደ ሰው እንደቆጠሩ ያሳያል።

የሟች ደመወዝ ጥያቄ

ለብዙ አጥኚዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ወረቀት ወታደሩ ከሞተ በኋላ የተጻፈው ነው። የኮንፌዴሬት መንግሥት ለሟች ወታደር ያልተከፈለውን ደመወዝ ለቤተሰቡ ይከፍል ነበር፤ ጠያቂው ሚስት፣ ሚስት ከሌለች አባት፣ አባት ከሞተ እናት መሆኑን መግለጽ ነበረበት። ስለዚህ ያላገባ ወታደር የሞተበት ቤተሰብ የአባቱን ስምና ካውንቲ በጽሑፍ ትቶልናል። አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ ሁለት ጥያቄ ካቀረበ ወንድማማችነቱ ተረጋገጠ ማለት ይቻላል። በሕይወት ለተመለሱት ይህ ወረቀት የለም።

ለተመለሱት ያለው የጡረታ ማመልከቻ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለኮንፌዴሬት ወታደሮች ጡረታ ስላልሰጠ የደቡብ ግዛቶች በየራሳቸው ሕግ አወጡ፦ ሰሜን ካሮላይና በ1885፣ ቴነሲ በ1891፣ ቴክሳስ በ1899። ማመልከቻው የሚቀርበው አመልካቹ በሚኖርበት ግዛት እንጂ ባገለገለበት አይደለም። ስለሆነም የሰሜን ካሮላይና ወታደር ወረቀት ኦስተን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አብሮ የዘመተ ምስክር ያስፈልግ ስለነበር ወንድም ለወንድም የሰጠው ቃል አንዳንዴ በፋይሉ ውስጥ አለ። ቴነሲ ደግሞ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሕይወት ለነበሩ ዘማቾች ስለ ወላጆቻቸው፣ ስለ መሬታቸውና ስለ ባሪያ ባለቤትነታቸው መጠይቅ ልካ ነበር።

የፊደል ችግርና የኮምፒውተር ፍለጋ

ስም ጸሐፊው የሚጽፈው በጆሮው የሰማውን ነበር። አንድ ሰው በተለያዩ ካርዶች ብላሎክ እና ብሌይሎክ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለዚህ የተበጀ ዘዴ ሳውንዴክስ ይባላል፤ የፈጠራ መብቱን ሮበርት ራስል በ1918 አግኝቷል፣ በ1930ዎቹም ለአሜሪካ ቆጠራ ማውጫ ሥራ ላይ ውሏል። ዘዴው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያስቀራል፣ አናባቢዎችን ይጥላል፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ ተነባቢዎችን በአንድ ቁጥር ይተካል። ሁለቱም የብላሎክ አጻጻፎች «ቢ442» ይሆናሉ። ድክመቱ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው፦ ካልፕ የሚለው ስም በእንግሊዝኛው «ሲ» ሲጻፍ «ሲ410»፣ በ«ኬ» ሲጻፍ «ኬ410» ስለሚሆን ሁለቱ አይገናኙም። ሳውንዴክስ ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሆኑም አይዘነጋ። ስማቸው በመጀመሪያ ፊደላት ብቻ የተጻፈ ወታደሮች ላይ ደግሞ ምንም አይረዳም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የ6.3 ሚሊዮን ወታደር ስሞች ማውጫ ስምን፣ ሬጅመንትንና ማዕረግን ያሳያል፤ ቤተሰብን ግን አያሳይም።

26ኛው ሰሜን ካሮላይና

ይህ ሬጅመንት ጁላይ 1 ቀን 1863 በጌቲስበርግ ከ24ኛው ሚሺጋን ጋር በጫካ ውስጥ ተዋጋ። ወደ 800 ከሚጠጉት ሰዎቹ ከ500 በላይ በዚያ ቀን ተገደሉ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ፤ የ21 ዓመቱ አዛዥ ኮሎኔል ሄንሪ በርግዊን ከሟቾቹ አንዱ ነበር። የድሮ የሬጅመንት ታሪኮች በሻምበል «ኤፍ» የወጡት 90 ያህል ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል መመታታቸውን ይናገራሉ። በሻምበሉ ሦስት ጥንድ መንትዮች እንደነበሩና ከስድስቱ አምስቱ እንደሞቱም ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ በመዛግብት ሊፈተን ይችላል፤ መንትዮች በ1860 ቆጠራ በአንድ ቤት አንድ ዕድሜ ይዘው መታየት አለባቸው፣ የሞታቸው ቀንም በካርዱ ላይ ይኖራል።

ከዚሁ ሻምበል የወጣ ሌላ ታሪክ ለአጥኚዎች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። ማርች 1862 ኪት ብላሎክ «ሳሙኤል» ከተባለ «ወንድሙ» ጋር ተመዘገበ። ሁለቱም የአገልግሎት ካርድ አላቸው፤ የምዝገባ ወራቸው አንድ ነው፣ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። ሳሙኤል የተባለው ግን ሚስቱ ማሊንዳ ነበረች። ኪት ቆዳ የሚያሳክክ ቅጠል ሰውነቱን አሽቶ በበሽታ ስም እንደተሰናበተ ይነገራል፤ እሱ ሲለቀቅ ማሊንዳ ማንነቷን ገለጸች፣ የተቀበለችውን የምዝገባ ጉርሻ መለሰች፣ ኤፕሪል 1862ም ተሰናበተች። የሴትነቷ ነገር በፋይሏ ላይ ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ ማንኛውም ፈላጊ ሁለቱን ወንድማማቾች ብሎ ይመዘግብ ነበር። ባልና ሚስቱ በኋላ በተራራው አካባቢ ከሰሜኑ ወገን ሆነው በሽምቅ ተዋግተዋል።

ሁሉም ወንድማማቾች በአንድ ወገን አልነበሩም። በጌቲስበርግ ያደገው ዌስሊ ካልፕ ከጦርነቱ በፊት ወደ ቨርጂኒያ ሄዶ ስለነበር በ2ኛው ቨርጂኒያ ሬጅመንት ዘመተና በተወለደበት አካባቢ ተገደለ፤ ወንድሙ ዊልያም በ87ኛው ፔንሲልቫኒያ ነበር። ፍለጋውን በአንድ ሬጅመንት ብቻ የሚወስን ሰው ዊልያምን አያገኘውም።

ደብዳቤና መቃብር

የቤተሰብ ደብዳቤ ሲተርፍ ጥያቄው ሁሉ ይቀላል። በ3ኛው ደቡብ ካሮላይና አብረው የዘመቱት ታሊያፌሮ እና ሪቻርድ ሲምፕሰን ወደ ቤት የጻፏቸው ደብዳቤዎች በ1994 በመጽሐፍ ታትመዋል። ሪቻርድ በ1862 ታሞ ተሰናበተ፤ ታሊያፌሮ ሴፕቴምበር 1863 በቺካማውጋ ተገደለ። ሪቻርድ ኋላ የክሌምሰን ኮሌጅን ካቋቋሙት አንዱ ሆኗል።

መቃብር ግን በጥንቃቄ ይነበባል። በጌቲስበርግ የወደቁ የደቡብ ወታደሮች መጀመሪያ በሜዳው ጉድጓድ ውስጥ ተቀበሩ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከ3,000 በላይ የሆኑ አስከሬኖች ተቆፍረው ወደ ደቡብ ሲላኩ አብዛኞቹ ሪችመንድ በሚገኘው ሆሊውድ መቃብር አረፉ፤ የብዙዎቹ ስም በዚያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር። በ1929 የወጣ የፌዴራል ሕግ ለኮንፌዴሬት ወታደሮች የግል መቃብር የመንግሥት ሐውልት ስለፈቀደ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎን ለጎን የቆሙ የሁለት ወንድማማቾች ድንጋዮች ከሞቱ ከ70 ዓመት በኋላ በልጅ ልጆች ጥያቄ የተተከሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሥራቸው አስከሬን ላይኖር ይችላል፤ የተቀረጸው ሬጅመንትና ቀንም ከፋይሉ ካርድ ጋር መመሳከር ይኖርበታል።