«ኢንጂነር» ስካርቦሮ ሲደርስ

በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ልጅ «ሊንክዲኔን እይልኝ» ብሎኝ ስካርቦሮ፣ ሴዳርብሬ ቤተ መጻሕፍት ተገናኘን። ላፕቶፑን ሲከፍት ከስሙ ሥር «ሲኒየር ሶፍትዌር ኢንጂነር፣ ሲቲኦ፣ የዲጂታል ለውጥ መሪ» ይላል።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?» አልኩት።

ሦስት። እሱ፣ አለቃው እና ዲዛይነሯ። ሲቲኦ ያደረገው አለቃው ነው፤ ደመወዝ መጨመር ሲያቅተው ማዕረግ ጨመረለት።

ልጁ አልዋሸም። አገር ቤት «ኢንጂነር» እንደ «ዶክተር» ከስም ፊት የሚቀመጥ ክብር ነው። የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ስመኘው በቀለን «ኢንጂነር» ሳይል የሚጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ድሮም ቢሆን «ፊታውራሪ» ማለት የጦሩን ግንባር የሚመራ፣ «ቀኛዝማች» ማለት የቀኙን ክንፍ የሚያዝ ነበር፤ ኋላ ላይ ጦር መርቶ ለማያውቅም የሚሰጥ ማዕረግ ሆነ።

ኦንታሪዮ ግን ቃሉ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ከፒኢኦ፣ ማለትም ከኢንጂነሮች ፈቃድ ሰጪው አካል፣ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ባለፈቃድ በሚያስመስል መንገድ ራሳችሁን «ኢንጂነር» ካላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል። አልበርታ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጓን አሻሽላ «ሶፍትዌር ኢንጂነር» የሚለውን ነፃ አድርጋለች፤ የአልበርታ ሕግ ግን ስካርቦሮ አይሠራም። ፈቃዱን ለምትፈልጉ፣ ፒኢኦ በዚያው ዓመት የካናዳ የሥራ ልምድ ግዴታን አንስቷል።

እኔን የበለጠ ያናደደኝ «የዲጂታል ለውጥ መሪ» የሚለው ነው። ሠራተኛ ፈላጊ «ጃቫ» ወይም «ዲቬሎፐር» ብሎ ይፈልጋል እንጂ ይህን ማን ይጽፋል? የኢሚግሬሽን መኮንንም ቢሆን የሚመዝነው መጠሪያውን ሳይሆን የተሠራውን ሥራ ነው።

«እሺ፣ ምን ሠራህ?» አልኩት።

ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ቆጥሮ ስም የሚፈልግ ኮድ ጽፏል። ደንበኛው «ፀሐይ» ተብሎ ተመዝግቦ «ፀሀይ» ብትሉትም ያገኘዋል። በቴሌብር ክፍያ የሚቀበለውንም ክፍል ብቻውን ነው የሠራው። ይህ ሁሉ ገጹ ላይ የለም!

«ሶፍትዌር ዲቬሎፐር፤ የአማርኛ ስም ፍለጋ እና የቴሌብር ክፍያ» ብለን ጻፍን። ሲቲኦውን ማጥፋት አልፈለገም፤ እኔም አልተከራከርኩትም። የሥራ ልምዱ ውስጥ ወረደ፣ አጠገቡም «የሦስት ሰው ቡድን» የሚል ተጨመረበት።