ኪጎማ፦ የሐይቅ ዳር ጠረፍ

የአፍሪካን ካርታ ዘርግታችሁ የታንዛኒያን ምዕራባዊ ዳርቻ ብትመለከቱ፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅምና ጠባብ ሐይቅ ታገኛላችሁ። ይህም የታንጋኒካ ሐይቅ ነው። የኪጎማ ክፍለ ሀገር የምትገኘው በዚህ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ነው። በስተሰሜን ከቡሩንዲ ጋር ትዋሰናለች፤ በስተምዕራብ ደግሞ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ የሚለያት ሐይቁ ነው።

ሐይቁ የተፈጠረው መሬት ተሰንጥቆ በሰመጠበት በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ክፍል ነው። በአገራችን የዝዋይና የአባያ ሐይቆችም የሚገኙት በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ታንጋኒካ በጥልቀቱ ከእነርሱ እጅግ ይበልጣል። ርዝመቱ 670 ኪሎ ሜትር፥ ጥልቀቱም 1,470 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በጥልቀት ከዓለም ሐይቆች የሚበልጠው ባይካል ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ውኃ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለይ አጥር ይመስላችሁ ይሆናል። የኪጎማ ታሪክ የሚያስረዳን ግን ሐይቁ ከአጥርነቱ ይልቅ መንገድነቱ የበዛ መሆኑን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስና በባርነት የተያዙ ሰዎችን ከማዶ በጀልባ እያሻገሩ ኡጂጂ ወደምትባለው ከተማ ያመጡ ነበር። ከዚያም ምርኮኞቹ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በእግር ይነዱ ነበር። ስታንሊ ሊቪንግስተንን ያገኘው በዚህችው ኡጂጂ፥ በ1871 ነው (በዚህ ምንባብ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1914 የጀርመን ቅኝ ገዢዎች ከዳሬሰላም የተነሳውን የባቡር ሐዲድ ኪጎማ አደረሱ። በአገራቸው የተሠራች አንዲት መርከብም ተፈታትታ በዚሁ ሐዲድ መጣች፤ እንደገና ተገጣጥማም በ1915 ሐይቁ ላይ ወረደች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ተጠምዶባት አገለገለች። በ1916 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ራሳቸው አሰጠሟት። እንግሊዞች በ1924 ከውኃው አወጧት፤ ከ1927 ጀምሮም «ሊዬምባ» ተብላ መንገደኛና ዕቃ ስታመላልስ ኖረች።

ጠረፍ መሆን ግን ሌላም ዕዳ አለው። ከቡሩንዲ በ1972ና በ1993፥ ከኮንጎም በ1996 ጦርነትና እልቂት ያሳደዳቸው ብዙ ሰዎች ወደ ኪጎማ ተሰደዱ፤ ከኮንጎ የመጡት ብዙዎቹ ሐይቁን በጀልባ የተሻገሩ ነበሩ። በ2015 የቡሩንዲ ስደተኞች ካጉንጋ በምትባል ጠባብ የሐይቅ ዳር መንደር ተጨናንቀው በኮሌራ ሲሠቃዩ፥ ወደ ኪጎማ ከተማ ካደረሷቸው መርከቦች አንዷ ይህችው ለጦርነት ያገለገለችው ሊዬምባ ነበረች።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ባሪያ ፈንጋዩም፥ ወታደሩም፥ ስደተኛውም የተጓዙት በአንድ ውኃ ላይ ነው። የመሬቱ አቀማመጥ ለሰው መንገድ ይሰጠዋል፤ በመንገዱ ለክፉም ሆነ ለበጎ የሚጓዝበት ግን ሰው ራሱ ነው። እናንተም ስለ አንድ ክፍለ ሀገር ድርሰት ስትጽፉ ተራራውንና ውኃውን በመዘርዘር ብቻ አትወሰኑ፤ ሰዎች በእነርሱ ምን እንደሠሩባቸው ጭምር ግለጹ።