ጣሳው ስንት ይይዛል?

እኛ የቀወት ገበሬዎች ማሾ፣ ማሽላና ጤፍ እናመርታለን። ጥቂቱን ለቀለብ እናስቀምጣለን። የቀረውን ሸዋ ሮቢት ገበያ እናወጣለን። ገዢው «ጣሳው ስንት ነው?» ይለናል። ዋጋውን እንነግረዋለን። ከዚያ በራሱ ጣሳ ይሰፍራል። የሱ ጣሳና የኛ ጣሳ እኩል መሆኑን ግን ማን አየ?

ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እናምጣ። በጣሳችን ውሃ እየሰፈርን እንሙላው። ስንሞላም እንቁጠር። ጀሪካኑ በ40 ጣሳ ቢሞላ፣ 20ን ለ40 እናካፍል። ግማሽ ሊትር ይመጣል። 1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ጣሳችን የሚይዘው 500 ሚሊ ሊትር ነው። የገዢው ጣሳ ጀሪካኑን በ25 ቢሞላውስ? 20 ለ25 ሲካፈል 0.8 ሊትር ነው። ይህም 800 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዋጋውን ያሰብነው በትንሹ ጣሳ ነው። ገዢው በትልቁ 10 ጣሳ ሲሰፍር 8 ሊትር ማሾ ይወስዳል። በኛ ጣሳ ቢሆን ግን 5 ሊትር ነበር። የ10 ጣሳ ዋጋ ተቀብለን የ16 ጣሳ እህል ሰጠን ማለት ነው። የደከምንበት 3 ሊትር ማሾ እንዲያው ሄደ።

ድሮም ቁናውና ዳውላው ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በፈረንሳይ አገርም እንዲሁ ነበር። የመንደሩ ሁሉ መስፈሪያ ለየብቻው ነበር። ይህ እንዲቀር በ1795 እ.ኤ.አ. ሊትር በሕግ ወጣ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 1 ሊትር ይይዛል። ሊትር ሸዋ ሮቢትም፣ አዲስ አበባም፣ ፓሪስም ያው ነው።

ሊትርንና ኪሎን ግን አናምታታ። ሊትር የሚለካው ዕቃው የሚይዘውን ነው። ኪሎ የሚለካው ክብደትን ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። 1 ሊትር ማሽላ ግን ከ1 ኪሎ ያንሳል።

የሊትር ጥቅም በገበያ ብቻ አይደለም። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ከጤና ጣቢያ ኦ አር ኤስ ይሰጠናል። እሽጉ ላይ «በ1 ሊትር ውሃ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ልኩ 1 ሊትር ነው። ውሃው ከበዛ መድኃኒቱ ይቀጥንና አይረዳም። ካነሰ ደግሞ ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳል። እንግዲያው የቤታችንን ኩባያ እንፈትን። 1 ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ በ4 ኩባያ ቢሞላ፣ ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር ነው። ያን ጊዜ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 4 ኩባያ እንለካለን። የምንለካበት ዕቃ ንጹሕ ይሁን። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነካው ዕቃ በጭራሽ አይሁን።

ዛሬ ማንበብና መጻፍ ጀምረናል። እንግዲህ ጣሳችንን ለክተን ልኩን እላዩ ላይ እንጻፍበት። ገበያ ስንወጣም ይዘነው እንውጣ። ገዢው ጣሳውን ሲያወጣ፣ ከመሰፈሩ በፊት «ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል?» ብለን እንጠይቀው።

መልመጃ፦ አንድ ጣሳ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በ32 ሞላው። ጣሳው ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል?
መልስ፦ 20,000 ለ32 ሲካፈል 625 ሚሊ ሊትር።