አይጥ የጠቆመቻት ዝንብ

ማስቲካ ፋብሪካ የሚያመርተው ነገር ከመሆኑ በፊት የዛፍ ወተት ነበር። በሜክሲኮ ዩካታን፣ በጓቲማላ ፔቴን፣ ያኔ ብሪቲሽ ሆንዱራስ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ቤሊዝ ጫካዎች ውስጥ ቺክሌሮ የሚባሉ ሠራተኞች ሳፖዲያ የተሰኘውን ዛፍ ልጡን በገጀራ እየበጡ ወተቱን ያጠራቅሙ ነበር። ወተቱ በደንብ የሚወርደው በዝናብ ወራት ስለሆነ ወቅቱን ሙሉ ከጫካ አይወጡም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ ጆሯቸው ላይ ቁስል ይዘው ይመጣሉ። ቁስሉ እምብዛም አያምም። አይሽርምም። የጆሮን ልም አጥንት ለዓመታት ቀስ በቀስ እየበላ ይሄድና መጨረሻ ላይ ግማሽ ጆሮ ይቀራል። ሃራልድ ሲደሊን የተባለ ሐኪም ይህንን ቁስል በ1912 በጽሑፍ አሰፈረው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የቁስሉ ምክንያት ሊሽማኒያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ እንደሆነ ታወቀ። ተሕዋሱን ከሰው ወደ ሰው ወይም ከእንስሳ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ መሆኗም በሌሎች አገሮች በተደረገ ጥናት እየጠራ መጣ። ጥያቄው ሌላ ነበር፤ በእነዚያ ጫካዎች የአሸዋ ዝንብ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጥፋተኛዋ የትኛዋ ናት?

የአሸዋ ዝንብን አይቶ መለየት ቀላል አይደለም። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በተራ አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ትገባለች። እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር አትጮኽም። መላ አካሏ ፀጉራም ነው፤ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ አቁማ ነው። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ስትሆን እጮቿም በውኃ ሳይሆን በእርጥብ አፈርና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ያድጋሉ። ስለዚህ የወባ ትንኝን እንደምናጠፋው የታቆረ ውኃ በማፍሰስ አትጠፋም። ዓይነቷን ለማወቅ በመስታወት ላይ አስተኝቶ፣ በማይክሮስኮፕ ሆዷ ውስጥ ያለውን የዘር ከረጢት ቅርፅ ማየት ያስፈልጋል። ተሕዋሱን ይዛ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንዲት ጠብታ ጨዋማ ውኃ ላይ አኑሮ፣ በአንድ ቀጭን መርፌ ደረቷን ይዞ በሌላው የሆዷን ጫፍ በእርጋታ መሳብ ነው። አንጀቷ እንደ ክር ተስቦ ይወጣል። ተሕዋሱ ካለ ባለ ጅራት ሆኖ አንጀቷ ውስጥ ሲርመሰመስ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም የለም። በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ንጹሕ አንጀት እያየ ቀናትን ያሳልፋል፤ ለእኔ የዚህ ሙያ ክብር ያለው እዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

ዝንቦቹን መሰብሰቢያው ዘዴ ደግሞ ሰውየው ራሱ ነበር። ተመራማሪው ሱሪውን ሰብስቦ ጫካ ውስጥ ይቀመጣል፤ እላዩ ላይ ያረፈችውን ዝንብ በትንሽ የመስታወት ቱቦ ስቦ ይይዛታል። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ሰውን የምታሳምመው ሰውን የምትነክሰው ናት። ብዙ የምትነክሰውን ካገኘህ ጥፋተኛዋን አገኘህ ማለት ነው። ፍለጋውን ለረጅም ጊዜ ያሳሳተው ይህ ሐሳብ ነው።

በ1959 ራልፍ ላይንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የጥገኛ ተሕዋሳት ተመራማሪ ወደ ብሪቲሽ ሆንዱራስ ሄደ። እሱና የሥራ ባልደረባው ጆን ስትራንግዌይስ ዲክሰን ጥያቄውን ሰው ላይ ብቻ አልተውትም። ቺክሌሮው ጫካ ሲገባ በሽታው እዚያ ይጠብቀዋል፤ ሰው በሌለበት ወር ተሕዋሱ የት ይኖራል? ስለዚህ የጫካውን አይጦች እያጠመዱ ቆዳቸውን መረመሩ። መልሱ ጅራታቸው ላይ ነበር። ጅራት ላይ ያለች ትንሽ እብጠት ወይም ፀጉር የተመለጠባት ቦታ ስትመረመር ያው የቺክሌሮዎቹ ተሕዋስ ተገኘ። ውጤታቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። በሽታው የአይጦች ነበር፤ ሰው መንገድ ላይ ገብቶበት ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ስለ ዝንቧ የሚጠየቀው ጥያቄ ተለወጠ። ሰውን ማን ትነክሳለች ብሎ መጠየቅ ቀረ፤ አይጥን ማን ትነክሳለች ሆነ። ሄንሪ ዲዝኒ የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ ለዚህ የሚሆን ወጥመድ ሠርቶ በ1966 አሳተመው። ወጥመዱ ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው የሚችል ነው። በሽቦ ሣጥን ውስጥ አንዲት አይጥ ትቀመጣለች። ሣጥኑ ዙሪያውን ሰፊ በሆነ የብረት ትሪ መሐል ያርፋል። ትሪው የጉሎ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ከላይ ዝናብ እንዳያገኘው ጣሪያ ይደረግለታል። በጫካው ወለል ላይ ያድራል። የአሸዋ ዝንብ በቀጥታ በርራ አታርፍም፤ ወደምትነክሰው አካል አጫጭር ዝላይ እየዘለለች ነው የምትጠጋው። ስለዚህ አይጧ ጋ ከመድረሷ በፊት ዘይቱ ይይዛታል። ጠዋት ትሪው ላይ የተጣበቁትን በቀጭን ብሩሽ እያነሱ መቁጠር ብቻ ነው።

ትሪው ላይ በብዛት የተገኘችው፣ ሰው ላይ በሚደረገው ለቀማ እምብዛም የማትታይ ዝንብ ነበረች። በዚያ ዘመን ፍላቪስኩቴላታ ትባል ነበር፤ የመካከለኛው አሜሪካዋ በኋላ ኦልሜካ ተብላ ተለየች። ከመሬት ብዙ ከፍ ሳትል የምትበርር፣ አይጥ የምትወድ ናት። በሜክሲኮም ፍራንሲስኮ ቢያጊና ባልደረቦቹ በ1965 ወደዚህችው ዝንብ ደርሰው ነበር። በየምሽቱ ተመራማሪዎቹን ስትበላ የነበረችው ሌላዋ ነበረች፤ ቺክሌሮውን ጆሮ ያሳጣችው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ሰው የምትነካዋ ነበረች።

ላይንሰን በ1965 ከጄፍሪ ሾው ጋር ወደ ብራዚል፣ ቤሌም ከተማ ተሻገረ። እዚያ ያለው የኢቫንድሮ ሻጋስ ተቋም የሥራ ቦታቸው ሆነ። ላይንሰን ቀሪ ዕድሜውን እዚያው ኖሮ በ2015 አረፈ። ከከተማዋ ጠርዝ ኡቲንጋ የተባለ፣ የከተማዋን የመጠጥ ውኃ የሚያቅፍ ጥብቅ ደን አለ። የዲዝኒን ወጥመድ እዚያ ዘረጉ። በ1968 ፍላቪስኩቴላታ በታችኛው አማዞን የአይጦቹን ሊሽማኒያ አስተላላፊ መሆኗን አስታወቁ፤ ተሕዋሱን በ1972 አማዞኔንሲስ ብለው ሰየሙት። ከተማ ሥር ያለ ደን፣ በተሕዋሱ የተያዙ አይጦች፣ አስተላላፊዋም በብዛት እያለች፣ የሚታመም ሰው ግን ጥቂት ነበር። ምክንያቱን ቤሊዝ ላይ ተምረውታል፤ ዝንቧ ሰውን አትፈልግም። ጥቂቶቹ የሚታመሙት ግን ዕጣቸው ከባድ ሊሆን ይችላል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ሰውነታቸው መላ ቆዳውን በሚያዳርስ፣ መድኃኒት በማይበግረው እብጠት ይሞላል።

የአማዞን ደን ግን አንድ ወለል ብቻ የለውም፤ እንደ ፎቅ ቤት በየደረጃው ነዋሪው ይለያያል። በማናውስ ከተማ ጠርዝ ባለው የዱኪ ጥብቅ ደን ተመራማሪዎች የብርሃን ወጥመዶችን ከመሬት ጀምሮ እስከ ዛፍ አናት ሰቀሉ። አናቱ ላይ የተገኘችው ኡምብራቲሊስ የምትባል ሌላ ዝንብ ናት። የምትመጠው ስሎዝ የሚባለውን፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ቀርፋፋ እንስሳ ነው። የእሱ ሊሽማኒያም ሌላ ዓይነት ነው። ይህች ዝንብ ቀን ቀን በትልልቅ ዛፎች ግንድ ላይ ታርፋለች። ጠዋት ዛፍ ሊቆርጥ የመጣ ሰው ግንዱን በመጥረቢያ ሲመታ ተደናግጣ ትነሣና ትነክሰዋለች። በአንድ ደን ሁለት በሽታ፣ ሁለት ዝንብ፣ ሁለት እንስሳ አለ ማለት ነው። መሬት ላይ ብቻ ወጥመድ የዘረጋ ሰው አንዱን ጭራሽ ሳያይ ይመለሳል።

የኛ አገር ደጋ ከአማዞን ጋር በደን አይገናኝም፤ በጥያቄው ግን ይገናኛል። ብዙ የአማራ ገበሬ ቁንጭር የሚለው የፊት ቁስል ያው የሊሽማኒያ ዘር ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው በ1969 በኢትዮጵያ ደጋ ስላለው የቆዳ ሊሽማኒያ የመጀመሪያ ጥናታቸውን አወጡ። በ1973 ደግሞ አሽፎርድ፣ ብሬይና ባልደረቦቻቸው በወሎ ኩታበር፣ በጋሞ ኦቾሎ፣ በወለጋ አለኩ ባደረጉት ፍለጋ ተሕዋሱን በሽኮኮዎች ላይ አገኙት። ሽኮኮ ገደል ውስጥ ይኖራል፤ ዝንቧም እዚያው ዋሻና ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች። ቤቱን ከገደሉ አፋፍ የሠራ ሰው ሳያውቀው የዚያ ዑደት ጎረቤት ሆኗል። እንደ አማዞኑ ሁሉ እዚህም ጥቂት ሰዎች ላይ ቁስሉ መላ ቆዳ ላይ ይሰራጫል። መልኩ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለሚመሳሰል ያልታመሙትን በሽታ ስም ተሸክመው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ አንድ የቆዳ ናሙና በማይክሮስኮፕ ቢታይ የሚለይ ነገር ነውና።

ወደ አማዞን እንመለስ፤ ኡቲንጋ ላይ የተጀመረው ፍለጋ በጃሪ ወንዝ አካባቢ ሌላ ነገር አሳየ። እዚያ የተፈጥሮው ደን ተመንጥሮ በምትኩ ለወረቀት የሚሆኑ የባዕድ ዛፎች፣ ጥድና ግመሊና ተተክለው ነበር። ብዙ ሰው ጫካው ሲጠፋ በሽታው አብሮ ይጠፋል ብሎ ያስባል። በ1983 የታተመው ጥናት ግማሹን አረጋገጠ፤ የዛፍ አናቷ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ በተከላው ውስጥ አልታየም። የአይጦቹ ሊሽማኒያ ግን ነበረ። ለፍላቪስኩቴላታ የሚያስፈልጋት አይጥ፣ ጥላና እርጥብ ወለል ነው። ይህንን የተተከለውም ጫካ ይሰጣታል።