ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ስለ መምረጥ

ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ ለመግጠም ያሰበ ባልንጀራችን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፓወር ሰፕላይ የሚታሰበው በመጨረሻ፣ በተረፈችው ሳንቲም ነው። እኛ ግን ይህ አሳብ መገልበጥ አለበት እንላለን። ደካማ ፕሮሰሰር ሥራን ያዘገያል እንጂ ሌላውን ዕቃ አያጠፋም፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ዲስኩን፣ ከዲስኩም ጋር የመመረቂያ ጽሑፋችንን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለ ማዘርቦርዱ ጥቂት እንበል። ቦርድ የሚመረጠው በመልኩ ወይም በሚያብለጨልጨው መብራት ሳይሆን ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ነው። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ኤኤም4 ሶኬትን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኤኤም5ን በ2022 አወጣ። የፊተኛው ዲዲአር4 ራም ሲወስድ የኋለኛው ዲዲአር5ን ብቻ ስለሚቀበል የአንዱ ራም ለሌላው አይሆንም። ያገለገለ ቦርድ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሶኬቱን ክዳን አስከፍቶ በብርሃን ይመልከት፤ በኤኤም5ና በዛሬዎቹ የኢንቴል ቦርዶች ጥቃቅኖቹ እግሮች ያሉት በቦርዱ ላይ ነውና። የታጠፈ እግር ካለ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ ትቶ መሄድ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዋት ቁጥር ብዙ ጊዜ የሻጭ ቋንቋ ነው። እውነቱ የሚገኘው በፓወር ሰፕላዩ ጎን በተለጠፈው ሰንጠረዥ ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለ ሆነ በዚያ መስመር የተጻፈውን አምፔር በ12 እናባዛ። 25 አምፔር ቢል 300 ዋት ነው፤ ካርቶኑ 500 ቢልም እንኳ ለእነዚህ ዕቃዎች የሚደርሰው ያው 300 ነው። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ ብቻውን 170 ዋት ይበላል፤ ሠሪው ኤንቪዲያም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ኤይቲ ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ከሚገባው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ሙቀት ሆኖ እንደማይባክን ነው እንጂ ዕቃው ከአደጋ ይጠብቃል ማለት አይደለም።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ እንደ ሆነ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን እንይ። በአንዳንዶቹ፣ ይልቁንም በአሮጌዎቹ ላይ 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች። በ115 እንዳለች በእኛ 220 ቮልት ላይ ብትሰካ ወዲያው ትፈነዳለች። ማዞሪያ ከሌለው ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን እናንብብ። መብራት ሲሄድ ግን ደኅናው ፓወር ሰፕላይም ኮምፒዩተሩን የሚያቆየው ከዐይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ለዚህ ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

ገመዶቹ የሚነቀሉ ከሆነ ከራሱ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር እንቀበላቸው። ከሌላ የተረፈ ገመድ በቀዳዳው ልክ ቢገባም የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ሊለይ ስለሚችል 5 ቮልት በሚጠብቀው የዲስክ እግር ላይ 12 ቮልት ይወርድበታል።