በበረዶ ላይ መንሸራተትን ስለሚያስተምር መምህር አመራረጥ



በአገራችን በረዶ ሲባል በክረምት ከነጐድጓድ ጋራ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ግን በአልፕስ ተራሮች ላይ እንደ ባዘቶ ረግፎ ወራት ሙሉ ስለሚቈየው ነው። ለትምህርት፥ ለጉባኤ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በታኅሣሥና በጥር ወደ ዤኔቭ ወይም ወደ ቪየና የሚሄድ ሰው «ና፥ በዕረፍትህ ቀን ስኪ እንሂድ» የሚለው ወዳጅ አያጣም። ወዳጁም «እኔ አስተምርሃለሁ፤ ለመምህር ገንዘብ አታውጣ» ይለዋል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ራሱ አሳምሮ የሚንሸራተት ሁሉ ማስተማር አይችልም። ወዳጅዎ ከልጅነቱ የለመደው ስለ ሆነ ጀማሪን የሚያስፈራው ምን እንደ ሆነ ረስቶታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በገመድ ላይ በሚሄደው ወንበር ወደ ተራራው ራስ ይወስድዎትና «እኔን እያየህ ውረድ» ብሎ ይቀድምዎታል። መቆምን ሳይማሩ መውረድ ግን ፍሬን በሌለው መኪና የእንጦጦን ቁልቁለት እንደ መውረድ ነው። በዚህ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም የጕልበት ጅማት ነው።

በኦስትሪያ አገር በሳንክት አንቶን መንደር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1907 ማስተማር የጀመረው ሃነስ ሽናይደር ትምህርቱን በደረጃ ከፈለው። ተማሪዎቹን እንደ ችሎታቸው በክፍል መደበ፤ መጀመሪያ የመንሸራተቻዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ኋላቸውን በመክፈት ፍጥነት መቀነስን፥ ቀጥሎም መዞርን አስተማረ። ዛሬም ደኅና መምህር ጀማሪን የሚያስጀምረው በዚሁ መንገድ ነው።

መምህሩ የተመሰከረለት መሆኑ በምን ይታወቃል? በልብሱ አይደለም፤ ቀይ ካፖርት ማንም ገዝቶ ይለብሳል። በፈረንሣይ አገር ገንዘብ እየተቀበለ የሚያስተምር ሰው ሕግ ያጸደቀው ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ዲፕሎማውን ለማግኘት በሰዓት ተለክቶ በፍጥነት መውረድ ብቻ አይበቃም፤ ከተጠረገው መንገድ ውጭ ሰውን መምራትና የበረዶ ናዳን አደጋ ማወቅም ይፈለጋል። ለዚሁ ሥልጠና የታወቀው ብሔራዊ ትምህርት ቤት ከዤኔቭ ሩቅ ባልሆነችው በሻሞኒ ይገኛል። በልዩ ልዩ አገሮችም የዓለም አቀፉን የስኪ መምህራን ማኅበር ዓርማና የዓመቱን ማኅተም የያዘ መታወቂያ ያላቸው መምህራን አሉ። ማኅተሙ የቈየ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። በመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ሳያይ የማይፈርም ሠራተኛ ለገዛ እግሩ ሲሆን ስለ ምን ያፍራል?

ከዚህ ሌላ በምን ቋንቋ እንደሚያስተምርና በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጠይቁ፤ ከዐሥር ከበለጡ ተራ ሲጠብቁ ብርዱ ይገባዎታል። በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ በጎን ቆሞ የሚኬደው ስኖውቦርድ ራሱን የቻለ ጥበብ ስለ ሆነ ማስረጃው ለየትኛው እንደ ተሰጠ ይመልከቱ። ለብቻ መማር ውድ ነው፤ በክፍል መማር ይረክሳል።

ኢትዮጵያዊ ከበረዶ ጋራ ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፥ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፥ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በረጅም ርቀት ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል።

በመጀመሪያው ጧት መምህሩ መቆምን ሳያስተምርዎ ወደ ወንበሩ ሊወስድዎ ቢል አይከተሉት። ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ተመልሰው ሌላ መምህር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ይህንም የሳምንቱ ትምህርት ሳይገፋ በዚያው ቀን ቢያደርጉት ይሻላል።